ላይብረሪው አልተገኘም ሲል

ቪፒኤን ከኮምፒውተራችን እስከ አንድ ሩቅ ሰርቨር ድረስ መልእክታችንን በምስጢር ጽሕፈት ሸፍኖ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰሞን፣ በ2015 ዓ.ም.ም እንደዚሁ፣ ማኅበራዊ መገናኛዎች በአገራችን በታገዱ ጊዜ ብዙ ወጣት ይህን ስም ለመደ። (መስመሩ ጨርሶ ከተዘጋ ግን ቪፒኤንም አይረዳም።)

ይሁን እንጂ ምንጩ ለሁሉ ክፍት በሆነው በሊኑክስ ላይ ቪፒኤን የሚጭን ሰው «ሊብኤስኤስኤል 1.1 አልተገኘም» የሚል ቃል ያጋጥመው ይሆናል። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አይደለም። ላይብረሪ ሲባል እዚህ ላይ የመጻሕፍቱ ክፍል ሳይሆን ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራምም የሚሻውን በስምና በቁጥር ለይቶ ይጠራል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ኦፕንኤስኤስኤል 3ን ስለያዘ፣ ለ1.1 የተሠሩት ፕሮግራሞች የሚጠሩትን አጡ።

አንዳንዶች አዲሱን ፋይል በአሮጌው ስም ሰይመው ሲስተሙን ሊያታልሉት ይሞክራሉ፤ የውስጡ አሠራር ስለ ተለወጠ ግን አይሆንም። ፋይሉን ካልታወቀ ስፍራ ማውረድ ከዚህ ይብሳል፤ ምስጢሩን የሚሠራው ይኸው ላይብረሪ ነውና! ለ1.1.1 ለሁሉ ይታደል የነበረው የደኅንነት እርማትም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ አስቀድሞ «ኤልዲዲ» በተባለው ትእዛዝ የጎደሉትን መመልከት ነው። ቀጥሎ ለ3 የተሠራውን አዲስ እትም መፈለግ፣ አለዚያም ኦፕንቪፒኤንን ከኡቡንቱ ከራሱ ማከማቻ በ«አፕት» ማስመጣት ያሻል። አፕት የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች አብሮ ያመጣል፤ ያሉትንም ደግሞ ስለማያወርድ፣ አያት ላይ በሞባይል ዳታ ለምንሠራ ተማሪዎች ይስማማል። በመጨረሻ ኤልዲዲን እንደገና ሲጠሩት «አልተገኘም» የሚል መስመር ካልታየ፣ የላይብረሪው ችግር ተወግዷል።