ወደ ሜዳው የማይመጡትን ልጆች ማን ይጠይቃቸው?

የሕፃናት መጫወቻ ይሠራ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የዕቃውን ነገር ነው፤ ስንት ዥዋዥዌ፣ ስንት ሸርተቴ፣ ምን ዓይነት ቀለም። ተሠርቶ ሲመረቅ ግቢው በልጆች ይሞላል፣ ያየም ሁሉ ደስ ይለዋል። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የሌለውን ልጅ ግን የሚያስታውሰው የለም። በዊልቸር የሚሄደው፣ ማየት የተሳናት፣ ጫጫታ የሚያስጨንቀው፣ ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ ዳር ቆማ የምትቀረው፣ ሜዳው ላይ ስለማይታዩ ቅሬታቸውም አይሰማም። አካታች መጫወቻ ማለት እነዚህም ከእኩዮቻቸው ጋር የሚጫወቱበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ እንዲኖረን ከፈለግን፣ ንድፉ ከመውጣቱ በፊት የማይመጡትን ፈልጎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኦስትሪያዋ ቪየና ይህን የተረዳችው ማን እንደቀረ በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በከተማዋ ፓርኮች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሴት ልጆች ዘጠኝ ዓመት ገደማ ካለፋቸው በኋላ ከፓርኩ እየጠፉ ይሄዳሉ፤ ወንዶቹ ግን መምጣታቸውን ይቀጥላሉ። ሜዳው አንድ ሰፊ ክፍት ቦታ ስለሆነ ጉልበት ያለው ቡድን ይይዘዋል፤ ሴቶቹም ከመጋፋት መተው ይሻላል ብለው ይሄዳሉ። በ1999 ከተማዋ አይንዚድለር ፓርክንና ሳንክት ዮሃን ፓርክን እንደገና ነደፈች። የእግረኛ መንገድ ጨመረች፣ ክፍቱን ሜዳ በተክል ከፋፈለች፣ ለመረብ ኳስና ለባድሜንተን ቦታ አበጀች። ብዙም ሳይቆይ የተለያዩ ቡድኖች ሳይጋፉ መጫወት ጀመሩ፤ ሴት ልጆቹም ተመለሱ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ልዩ ዕቃ የለም።

በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ከተማ የሚገኘው ማጂካል ብሪጅ የተባለው መጫወቻ ደግሞ የተነሳው ከአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ኦሌንካ ቪላሪያል ከባድ የዕድገት እክል ያለባት ልጅ አለቻት፤ በከተማዋ ከ30 በላይ ፓርኮች ቢኖሩም ልጇ የምትጫወትበት ግን አንድም አላገኘችም። ለልጄ አንድ ዥዋዥዌ ይተከልልኝ ብላ መቅረት ትችል ነበር። እሷ ግን ሌሎች ወላጆችን፣ ጎረቤቶችን፣ የሕክምናና የትምህርት ባለሙያዎችን አሰባስባ ዓመታት ፈጀች። ከተማው ሚቸል ፓርክ ውስጥ መሬት ሰጠ፤ አራት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከደረሰው ወጪም አብዛኛው በመዋጮ ተሰበሰበ። መጫወቻው በኤፕሪል 2015 ተከፈተ።

እዚያ ካሉት ነገሮች ሁለቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው ሽክርክሪቱ ነው። በየቦታው የምናውቀው ሽክርክሪት ከመሬት ከፍ ብሎ የተተከለ ስለሆነ ዘሎ መውጣት የሚችል ልጅ ብቻ ነው የሚጫወትበት። ማጂካል ብሪጅ ውስጥ ግን ወለሉ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው። በዊልቸር ያለው ልጅ እንደተቀመጠ ገብቶ፣ ቆሞ ከሚጫወተው ጓደኛው ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ሁለተኛው የሸርተቴው ግርጌ ነው። እግሯ የማይሸከማት ልጅ ተንሸራታ ስትወርድ ዊልቸሯ ከላይ ቀርቷል፤ አንድ ሰው እስኪያመጣላት ድረስ የት ትቆይ? መሬት ላይ ብትቀመጥ ከኋላዋ የሚመጡት ይረግጧታል። ስለዚህ ከሸርተቴው ጫፍ ጎን ለጎን ፈቀቅ ብላ ወንበሯን የምትጠብቅበት መቀመጫ ተሠርቷል። ይህን ዓይነቱን ነገር የሚያስበው ልጅ ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። መሐንዲሱ የቱን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ያልኖረበትን ካልነገሩት አያውቀውም።

የአራት ሚሊዮን ዶላር ነገር አያስፈራን። ሽክርክሪትን ከመሬት ጋር እኩል አድርጎ መትከል ወይም ሸርተቴ ሥር መቀመጫ ማኖር ገና ሲነደፍ ከታሰበ ትንሽ ወጪ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ማስተካከል ነው የሚከብደው።

መጠየቅ ስንል ግን የይስሙላም አለ። ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት ደረጃዎች ባሉት መሰላል አስቀምጦታል። የታችኞቹ ሦስቱ ተሳትፎ የሚባሉ አይደሉም፤ ከእነሱም አንዱ ልጆችን ለማድመቂያ ማቅረብ ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ልጆችን አንድ ዓይነት ካናቴራ አልብሶ ለምረቃው ማዘመር እዚህ ውስጥ ይገባል። ልጁ የሚጠየቀው አሳቡ ንድፉን መለወጥ በሚችልበት ጊዜ ካልሆነ ባይጠየቅ ይሻላል።

በእኛ አገር ትልቁ ችግር የሚጠየቁትን ማግኘት ነው። የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ በብዙ ቤት ከሰው ዓይን ተሰውሮ ነው የሚያድገው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዘሚ የኑስ ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስታቋቁም፣ የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ መውጣቷ ለብዙ እናቶች በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ ለጥፎ «የአካል ጉዳተኛ ልጅ ያላችሁ ኑ» ማለት ዛሬም አብዛኛውን እናት አያመጣም። የትኛው ቤት ማን እንዳለ የሚያውቁት የእድር ሰዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የልዩ ፍላጎት መምህራን ናቸው። በእነሱ በኩል፣ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ መነጋገር ከአንድ ትልቅ አዳራሽ ስብሰባ የበለጠ ይሰጣል። ስብሰባው የግድ ከሆነም ምድር ላይ ባለ ክፍል ይሁን። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለ ተደራሽነት መሰብሰብ በዊልቸር የሚሄደውን ሰው ገና ከበሩ መመለስ ነው። ቀኑም በቀን ሥራ የምታድር እናት የምትችለው ቀን ይሁን፣ ልጇንም የሚይዝላት ሰው ይኑር። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

ልጆችን ለመጠየቅ ደግሞ ቃል ብቻ አይበቃም። ወረቀት ላይ የተሳለ ፕላን ማየት ለተሳናት ልጅ ምንም አይነግራትም። ከካርቶን፣ ከጭቃና ከቆርኪ የተሠራ ሞዴል ግን በእጇ ታነበዋለች፤ ሸርተቴው ከመግቢያው ርቋል ብላም አንስታ ታቀርበዋለች። የማይናገረውን ልጅ አሁን ወዳለ መጫወቻ ሜዳ ይዞ ሄዶ የት እንደሚቆም፣ ምኑን እንደሚነካ፣ የት ሲደርስ ጆሮውን እንደሚይዝ መመዝገብ ይቻላል። የተነገረውን ሁሉ ጽፎ መያዝ፣ ከዚያም ንድፉ ሲወጣ ለነዚሁ ልጆችና ወላጆች መልሶ ማሳየት ያስፈልጋል፤ የትኛው አሳብ እንደገባ፣ የትኛው ለምን እንደቀረ ሊነገራቸው ይገባል።

ሰው በተጠየቀ ቁጥር ፍላጎቶች መጋጨታቸው አይቀርም፤ እኔ የዚህን ሥራ ፍሬ ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። ለዊልቸር ልስልስ ያለ ወለል ይመቻል፤ በነጭ በትር ለሚሄድ ልጅ ግን የት እንደደረሰ የሚያውቀው ወለሉ ሲለዋወጥ ነው። አንዱ ልጅ ከበሮና ደወል ይወዳል፣ ሌላው ድምፁን አይችለውም። ባለሙያው ብቻውን ቢወስን አንዱን ለሌላው ይሠዋል። ወላጆቹ አብረው ሲቀመጡ ግን መንገዱ ልስልስ ሆኖ ጠርዙ ሸካራ ይሁን፣ ድምፅ ያለው ጨዋታ በአንድ ጫፍ፣ ፀጥ ያለው መጠለያ በሌላው ጫፍ ይሁን ወደሚል ስምምነት መድረስ ይቻላል። ልጁን ይዞ የሚመጣው ሰው ራሱ በክራንች የሚሄድ አባት ወይም አያት ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጋ። ጥላ፣ የሚጠጣ ውኃና ሰፊ በር ያለው መጸዳጃ የሌለው ሜዳ ለብዙ ቤተሰብ የግማሽ ሰዓት ቦታ ነው።

ጥቂት ልኬቶችን ማንም ሰው ሊይዛቸው ይችላል። ለዊልቸር የሚሆን ራምፕ አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ዊልቸር ሙሉ ለሙሉ ለመዞር 1.5 ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ልቅ ጠጠርና አሸዋ ጎማውን ይይዛሉ፤ በደንብ ያልተነጠፈ ኮብልስቶንም ያንገጫግጫል።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች እኩል የመጫወት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 4 ደግሞ አካል ጉዳተኞችን በሚመለከት ውሳኔ ላይ ልጆቹንም ጨምሮ እንዲያማክራቸው መንግሥትን ያስገድዳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ለሕንፃ የታሰበው ለመጫወቻም መታሰብ አለበት፤ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የሕፃናት መጫወቻዎችን እየሠራች ባለችበት በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

በወረዳችሁ መጫወቻ ሊሠራ ነው ሲባል ከሰማችሁ፣ ግንባታው ሳይጀመር ሄዳችሁ ንድፉን እዩ። ማን እንደተጠየቀ ጠይቁ። በሰፈራችሁ ቤት የሚውል ልጅ ካለ ደግሞ ለእናቱ ንገሯት፣ ፈቃዷ ከሆነም ከልጇ ጋር ይዛችኋት ሂዱ።