ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ከትምህርት እንዳይቀር

ጧት ኢንሱሊኑን ተወግቶ፣ ቁርሱን በቅጡ ሳይበላ ዳገት ቁልቁለቱን ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ረፋዱ ላይ ላብ ሊያጠምቀው ይችላል፤ ይንቀጠቀጣል፤ የተጠየቀውን መመለስ ያቅተዋል። መምህሩ ስንፍና፣ ጓደኞቹ ልክፍት ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች መውረዱ ነው። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ስኳር ከታጣ ማር መስጠት፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ምግብ ማብላት ይገባል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር፣ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ከሁሉ የከፋው ስህተት «አሞሃል» ብሎ ብቻውን ወደ ቤቱ መስደድ ነው፤ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ይህ ዓይነቱ የስኳር በሽታ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም የሚመጣ እንጂ ጣፋጭ በመብላት የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሽተኛ የተሰጠው በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ለ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ነበር። ከዚያ በፊት በሽታው የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። ዛሬም መርፌው ከተቋረጠ ውጤቱ ያው ሞት ነው። ስለዚህ «ጠበል ገብቷልና መርፌው ይቅርበት» የሚል ምክር ሲሰማ የማኅበር መሪዎች ዝም ብለው ማለፍ የለባቸውም፤ ጠበሉና መርፌው አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። የእንስራ ውኃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ለገበሬ አስተማሪ አያሻውም፤ በዚሁ ዘዴ ትንሿን ሸክላ በትልቋ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን በየዕለቱ ውኃ እያጠጡ ጥላ ሥር ማኖር ፍሪጅ በሌለበት መንደር ይጠቅማል። መድኃኒቱ እንዳይረጥብ በላስቲክ ይጠቀለል።

የገበሬ ማኅበሩ ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተመካክሮ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስኳር እንዲቀመጥ፣ ልጁ በክፍል ውስጥ እንዲበላና ሽንቱ ሲመጣ ያለ ክልከላ እንዲወጣ ማድረግ ይችላል። የሠፈሩ ተማሪ በመንገድ አብሮት እንዲሄድም ይመደብ። ኢንሱሊን የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከቀበሌው ርቆ በመሆኑ ለመጓጓዣው እድሩ ቢረዳ፣ በአጨዳ ወቅትም ጎረቤት የወላጁን ሥራ ቢሸፍን ቀጠሮ አይዘለልም።

ገና ያልታወቀላቸው ልጆችም አሉ። ውኃ ጥም የበዛበት፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ እየበላ የሚከሳ፣ ኋላም የሚያስመልሰውና ትንፋሹ የሚፈጥን ልጅ ሲያጋጥም፣ ለወባ ብቻ ተመርምሮ እንዳይመለስ፣ የደሙ ስኳርም በዚያው ቀን እንዲለካ ወላጁ ጤና ጣቢያውን ይጠይቅ።