ዶክተሩ ልጅ እንደገና ሲሄድ

ልጃችሁ በቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ዶክቶራቱን ጨርሶ «አሁን ደግሞ ለፖስት-ዶክቶራት ውጭ አገር እሄዳለሁ» ቢላችሁ፣ «ኧረ ይኼ ትምህርት ማለቂያ የለውም ወይ? መቼ ልታገባ ነው? ቁፓት ሆሊም ስሄድ ማን ያስተረጉምልኛል?» ማለታችሁ አይቀርም። ከመቆጣታችሁ በፊት ግን ነገሩን ስሙት።

ፖስት-ዶክቶራት ተማሪነት አይደለም። ዶክተር የሆነ ሰው በአንድ ስመ ጥር ተመራማሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ደመወዝ ወይም ሚልጋ እየተከፈለው የሚሠራው ሥራ ነው። በእስራኤል፣ በተለይ በሕይወት ሳይንስ፣ ውጭ አገር ሳይሠሩ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት መቀጠር በጣም ከባድ ነው። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። የቄስ ልጅ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ መጽሐፍ የሚማር ልጅ የአባቱን ቤት ትቶ ስሙ ወደተጠራ መምህር ይሄድ ነበር። ታምራት አማኑኤልም በ1905 ከዶክተር ፋይትሎቪች ጋር ወጥተው፣ ፓሪስና ፊሬንዜ ተምረው ነው ኋላ አዲስ አበባ የቤተ እስራኤልን ትምህርት ቤት የመሩት።

ቦታው እንዴት ይገኛል? ብዙው ማስታወቂያ አይወጣበትም፤ ልጁ ራሱ ለፕሮፌሰሩ ይጽፋል፣ ያውም ዶክቶራቱ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው። የላቦራቶሪውን ሁለት ሦስት ጽሑፍ አንብቦ «እኔ ይህን እችላለሁ፣ ከእናንተ ጋር ይህን መመርመር እፈልጋለሁ» ብሎ ባጭሩ ይጻፍ። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚልክ መልስ አያገኝም። ልጆቻችን የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። በትልቅ ሰው ፊት ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው ብለን አሳድገናቸዋል፤ ፕሮፌሰሩ ግን ዝም ያለውን ከየት ያውቀዋል? መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ መጻፍ ድፍረት አይባልም።

ኮምፒዩተር ለሚያውቅ በሩ ሰፋ ይላል። የዘረ-መል መረጃ እጅግ ስለበዛ የባዮሎጂ ላቦራቶሪዎች ፕሮግራምና ስታቲስቲክስ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው ልጅ የጻፈውን ኮድ ጊትሀብ ላይ አስቀምጦ ያሳይ።

ገንዘቡ ወይ ከፕሮፌሰሩ በጀት ይመጣል፣ ወይ ልጁ ራሱ ከሚወዳደርበት ሚልጋ፦ ፉልብራይት፣ ኤምቦ፣ ሂውማን ፍሮንቲየር፣ ማሪ ኪዩሪ። ዶክቶራት ከያዘ ብዙ ዓመት ላለፈው የማይሰጥ ስላለ መዘግየት ያስቀራል። ከአሜሪካ መንግሥት ሚልጋዎች አንዳንዶቹ ለዜጎችና ለነዋሪዎች ብቻ ናቸው፤ ያንን አስቀድሞ ያጣራ። ያገባ ከሆነ ደግሞ፣ በጄ-1 ቪዛ ለሚሄድ ሰው ባለቤቱ በጄ-2 ገብታ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች።

እናት ወይም አባት ታመው መራቅ የማይችልም አለ። ለሱ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ርሖቮት ነው፣ ከቤርሳቤህ ሩቅ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ፊት ከውጭ እንደመጣው ላይታይለት ይችላል፤ ይህን አውቆ ይወስን።

የሚሄደው ግን ደመወዙን፣ የጤና ኢንሹራንሱንና የዓመቱን ብዛት በጽሑፍ ሳይይዝ ቲኬት አይግዛ።