መኪናን ከፍ ስለ ማድረግ፤ የባሌስትራና የጎማ ሥራ በሊማሊሞና በአዲ አርቃይ መንገድ

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ሽሬና ወደ አክሱም የሚያልፈው መንገድ ከደባርቅ ጥቂት ራቅ እንዳለ ሊማሊሞ ከሚባለው ገደል አፋፍ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንገዱ በገደሉ ፊት እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከሺህ ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ይጨርሳል፤ ከዚያም በቆላው በኩል አዲ አርቃይ ይገባል። ይህን መንገድ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለጦር ካሚዮኖቻቸው ሲሉ ያሠሩት ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ገጠሩ የሚገቡት መንገዶች ግን ብዙዎቹ የእግረኛና የበቅሎ መንገድ እየሰፋ መኪና ያለፈባቸው ናቸው።

በእንዲህ ያለ መንገድ መኪና የሚያዘው በሆዱ ነው። በክረምት ከባድ ካሚዮኖች እያለፉ ጭቃውን በግራና በቀኝ ሲቦረቡሩት መካከሉ እንደ ድልድል ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በበጋ ያ ድልድል ይደርቅና ከኋላ የሚመጣውን አነስተኛ መኪና ሆዱን ይወጋዋል። ስለዚህም ባለመኪናው ወደ መካኒኩ ዘንድ ሄዶ መኪናውን ከፍ እንዲያደርግለት ይለምናል። ይህ ልመና አንድ ሥራ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሁለቱን ማምታታት ደግሞ ገንዘብ ከማባከን አልፎ በቍልቍለቱ ላይ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

እንደ ላንድሮቨርና እንደ ቀድሞው ላንድክሩዘር ያለ፣ ዘንጉ አንድ ወጥ የሆነ መኪና ሁለት ዓይነት ከፍታ አለው። የመጀመሪያው ሻንሲውና በላዩ ያለው ሁሉ ከመሬት የሚርቅበት ልክ ነው። ሁለተኛው በዘንጉ መካከል እንደ ቅል ያበጠው ዲፈረንሻል ከመሬት የሚርቅበት ልክ ነው። ባሌስትራው የሚቀመጠው በሁለቱ መካከል ሲሆን፣ ዘንጉን ረግጦ ሻንሲውን ይሸከማል። እንግዲህ ባሌስትራው ምንም ያህል ቢያድግ ሻንሲው ይነሣል እንጂ ዲፈረንሻሉ ከመሬት አንድ ጣት እንኳ አይርቅም። በኮርቻ ላይ ድርብ ምንጣፍ ቢደለደል ፈረሰኛው ከፍ ይላል፤ የፈረሱ ሆድ ግን ከነበረበት አይነሣም። ዲፈረንሻሉን የሚያነሣው የእግሩ መርዘም ብቻ ነው፤ የመኪና እግር ደግሞ ጎማ ነው።

ታዲያ ባሌስትራውን ማሳደግ ምን ይጠቅማል? በአንድ በኩል የነዳጁን በርሜልና ማርሚታውን ከድንጋይ ያርቃል፤ መኪናው ወደ ወንዝ ሲወርድና ከወንዝ ሲወጣ አፍንጫውና ጅራቱ መሬት እንዳይነኩም ይረዳል። በሌላ በኩል ትልቁ ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር ሳይፋተግ እንዲዞር ቦታ ይሰጠዋል። ሁለቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ አብረው የሚታዘዙትም በዚህ በኋለኛው ምክንያት ነው።

ባሌስትራ ከረዥሙ ወደ አጭሩ እየተደራረበ በመካከሉ በቡሎን የታሰረ፣ እንደ ደጋን የጎበጠ የብረት ንብርብር ነው። ቃሉ ራሱ ጣልያንኛ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጕሙ የጦር መሣሪያ የሆነው ባለ ሰደፍ ቀስት ነው። እርሱን ከፍ ለማድረግ በጣም የተለመደው መንገድ ተጨማሪ ብረት መደረብ ነው። ሰባት ንብርብር ባለው ላይ ተመሳሳይ ስምንተኛ ቢጨመር ጥንካሬው ከሰባት አንድ እጅ ያህል ይጨምራል። የውፍረት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የአንዱ ብረት ውፍረት እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከካሚዮን የተፈታ ወፍራም ብረት በትንሽ መኪና ላይ ሲደረብ መኪናው በእርግጥ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ባዶውን ሲሄድ መተጣጠፍን ትቶ ይዘላል፤ የዘለለ መንኰራኵር ደግሞ መሬት አይጨብጥም።

ሌላው መንገድ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ነው። ዘንጉ በባሌስትራው መካከል ስለሚገኝ ማንጠልጠያው 10 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናው የሚነሣው በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሥራው ርካሽ ስለ ሆነ ይወደዳል፤ ይሁን እንጂ የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ብቻ ስለሚገፋ ዘንጉን ያዘነብለዋል። ይህ በፊተኛው ዘንግ ላይ ሲሆን መሪው ቀጥ ብሎ መመለስን ይተዋል። በዘንጉና በባሌስትራው መካከል ብረት መወተፍም አለ፤ በፊት ዘንግ ላይ ግን ፍሬን ሲያዝ የሚጠመዝዘውን ኃይል ስለማይችል አደገኛ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ፣ ወደ መንኰራኵሩ የሚወርደው ተጣጣፊው የፍሬን ዘይት ቱቦ እንደ ከፍታው መርዘም አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው፣ መንኰራኵሩ ጕድጓድ ውስጥ በተንጠለጠለ ጊዜ ቱቦው ተወጥሮ ሊበጠስ እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል።

ለባህል ጥናት ይበልጥ የሚያጓጓው አራተኛው መንገድ ነው። ይኸውም የደከመውን ባሌስትራ ጉብጠቱን መመለስ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የመካኒኩና የቀጥቃጩ ሙያ ይገናኛሉ። የመካኒኩ ቃላት ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን እያሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የእሳቱ ቃላት ግን ወናፍ፣ ጕጠት፣ መዶሻ፣ ማጠጣት፣ ሁሉም የአገር ናቸው። ብረቱ ሳይሞቅ በመስፍ ላይ በመዶሻ እየተመታ ቢጎብጥ ጠባዩን አይለቅም። ቀልቶ ከጎበጠ በኋላ በዝግታ ከቀዘቀዘ ግን ለስላሳ ይሆንና ከጥቂት ጕዞ በኋላ ተመልሶ ይተኛል። በውኃ በድንገት ቢጠጣ ደግሞ እንደ ሸክላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ትክክለኛው ሥራ ከ800 ዲግሪ በላይ ካሞቁት በኋላ በዘይት አጠጥቶ፣ እንደገና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ማብረድ ነው። ቀጥቃጩ መለኪያ የለውም፤ የሚፈርደው በብረቱ ቀለም ነው። ስለዚህ ጀማሪው ብረቱን የሚያበላሸው በዚህ በሁለተኛው ማሞቅ ላይ ነው። በብየዳ የተጠገነ ባሌስትራም በብየዳው አጠገብ ስለሚሰባበር ሊታመን አይገባም። ተሰብሮ የማይመለሰው ብረት ወደ ምድጃው ይገባና ማጭድ ወይም ቢላዋ ሆኖ ገበያ ይወጣል፤ ለቀጥቃጭ ከዚህ የተሻለ ጥሬ ብረት በቀላሉ አይገኝም።

ወደ ጎማው እንመለስ። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ለገበያ የወጣና የኢትዮጵያን ገጠር ለረዥም ጊዜ ያገለገለ መኪና ነው። አጭሩ በ6.00-16 ጎማ፣ ረዥሙ በ7.50-16 ጎማ ይሄድ ነበር። የፊተኛው ጎማ ቁመት 73፣ የኋለኛው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አጭሩ መኪና የረዥሙን ጎማ ቢጫማ፣ ዘንጉ በጎማው መካከል ስለ ሆነ፣ ዲፈረንሻሉ በልዩነቱ ግማሽ፣ ማለት በ3.5 ሴንቲ ሜትር፣ ይነሣል። ይህ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ነው። በምላሹ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከቀድሞው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ርቆ ይሄዳል፤ ቆጣሪው 40 ሲያሳይ መኪናው 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ሞተሩ ዳገት የሚጎትትበት ኃይል ከመቶ ዘጠኝ ያህል ይቀንሳል። ፍሬኑም በዚያው ልክ ይደክማል፤ ቍልቍለት ላይ በማርሽ የመያዙ ኃይልም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሾፌር በቆላው ድንጋይ ላይ ለሚያገኘው ሁለት ጣት ዋጋውን አስቀድሞ በሊማሊሞ ይከፍላል።

የመገልበጡም ነገር እንዲሁ በስሌት ይታያል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 130 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የክብደቱም ማዕከል ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። ይህ መኪና ቆሞ ወደ ጎን ቢያጋድል ሚዛኑን የሚስተው በ39 ዲግሪ ገደማ ነው። ማዕከሉ በ10 ሴንቲ ሜትር ቢነሣ ልኩ ወደ 36 ዲግሪ ይወርዳል። በጣራው ላይ እህል ተጭኖ ማዕከሉ 110 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ግን 31 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በጕዞ ላይ ባሌስትራው ስለሚያጋድልና መንገዱ ስለሚያናጥር እውነተኛው ልክ ከዚህም ያነሰ ነው። እንግዲህ ባሌስትራና ጎማ ካመጡት አደጋ የጣራው ጭነት ያመጣው ይበልጣል። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር ያዝዛል፤ ምርመራው ግን መኪናው በዚያ ዕለት ያለበትን ሁኔታ እንጂ ነገ በጣራው የሚጫንበትን ማየት አይችልም።

በውጭ አገር ሳለሁ መኪናን ከፍ ማድረግ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ፣ ዕቃውም በካርቶን ታሽጎ ሲሸጥ አይቼ ነበር። እዚህ ግን የቀለብና የሕመምተኛ ማድረሻ ጕዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ መንገድ ስወርድ የተሳፈርሁበት መኪና ከፍ የተደረገ፣ ጎማውም ትልቅ ነበር። ሾፌሩ ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ ቆመና በጣራው ላይ የነበሩትን ጆንያዎች አስወርዶ በእግሮቻችን መካከል አስደረደራቸው። አንዳንዱ ተሳፋሪ አጕረመረመ። እርሱ ግን መኪናውን ያስነሣው ከአዲ አርቃይ ወዲያ ላለው ድንጋይ መሆኑን፣ ለሊማሊሞ ቢሆን ኖሮ ዝቅ ያደርገው እንደ ነበር ነግሮን፣ በአንደኛ ማርሽ መውረድ ጀመረ።