ቀይ እስክሪብቶዬና የልጄ ኮድ

ያን ቀን ማታ ልጄ እራት አልበላችም። ኮምፒውተሯን ከደነችና «አባዬ፣ አሥራ አንድ ስሕተት አወጡብኝ» አለችኝ።

እዚህ ነገሌ ቦረና 28 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አሥራ አንድ ቀይ ምልክት ለእኔ ብርቅ አይደለም። ፊቷን ሳየው ግን ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የተመረቀችው በኮምፒውተር ሳይንስ ነው። አሮጌ ላፕቶፗ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስትጭን ድምፅ አልወጣ ስላላት የድምፅ ቺፑን ድራይቨር ራሷ አስተካከለችው። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። በገበያችን ኦሮምኛ ተናጋሪውና ሶማልኛ ተናጋሪው የሚያግባባቸው ሰው እንደሚፈልጉ ሁሉ ኮምፒውተሩና ቺፑም የሚግባቡት በእሱ ነው። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮችም የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ማንም ሰው ማሻሻያ መላክ ይችላል፤ ኃላፊዎቹ መስመር በመስመር ሳይመረምሩት ግን አይገባም። እርማቱም ለሁሉም ይታያል።

«ዓለም ሁሉ አየኝ፤ ልተወው» አለች። እኔም «ተይው» ልላት ነበር። ባለቤቴ ቀደመችኝ፦ «ጉሚ ጋዮ ላይ አባ ገዳው እንኳ በሕዝብ ፊት ይጠየቅ የለም? ዛሬ አትመልሺ፤ ይደርበት።» ቦረና በየስምንት ዓመቱ ጋዮ ላይ ተሰብስቦ ሕጉን ይመረምራል።

ጠዋት ሻይ ይዘን አብረን አነበብነው። ኮዱ ባይገባኝም የአራሚው አጻጻፍ ገባኝ። «እዚህ ጋ ስሕተት ቢፈጠር ኮድሽ ሳይናገር ያልፋል»፣ «ይህ ለሁለት ይከፈል» እያለ ለእያንዳንዱ ምክንያት ጽፏል። በዚያ ሠፈርም ሁሌ እንዲህ አልነበረም፤ ቶርቫልድስ ራሱ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ሻካራ ንግግሩ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

እኔ ግን ኤክስ አድርጌ ከማለፍ በቀር ምክንያት የጻፍኩበትን ደብተር አላስታውስም። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ደብተሯን ትደብቀኝ እንደነበር ያን ጠዋት ትዝ አለኝ።

እሷ ተራ በተራ መለሰች። ዘጠኙን «ልክ ነዎት፤ አስተካክያለሁ» አለች። አንዱ ስላልገባት ጠየቀች። የመጨረሻውን ግን አልተቀበለችም። አራሚው «ቺፑ ከበራ በኋላ መጠበቁ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ነበር። ቺፑ ሳይረጋጋ ድምፁ ከተከፈተ ስፒከሩ «ጧ!» ይላል። በሁለቱም መንገድ ሞክራ ያገኘችውን ጻፈችለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «ይቆይ፤ ምክንያቱን ግን ከኮዱ በላይ ጻፊው።»

የታረመውን ልካ አሁን እየጠበቀች ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኳን ታያለች፤ እራቷን ግን ትበላለች።

ልጆቻችሁ ታርመው ሲመጡ «ማነው የነካሽ?» ወይም «ድሮም አውቅሻለሁ» ከማለታችሁ በፊት እርማቱን አብራችሁ አንብቡት።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለልጄ ሰጠኋት። አራት ቦታ አረመችኝ፤ በየጎኑም ምክንያቱን ጽፋለች። ሦስቱን ተቀበልኩ። አራተኛው የደብተሩ ነገር ነው፤ «አባዬ፣ ይሄ ይቅር፤ ሰው ምን ይላል?» ብላለች። ምክንያቴን ነገርኳትና እንዳለ እንዲቆይ ተስማማን።