ኮር ሞልቶ ሰርቨሩ ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥሊሊ ያለ የወረዳ ቢሮም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ዳታ ሴንተር፣ ዳታቤዝና ባክአፕ በአንድ ሰርቨር ሲሠሩ ችግሩ ተመሳሳይ ነው።

የፕሮሰሰሩ ኮሮች ለየብቻ ናቸው፤ ኤል 3 ካሽ፣ የራም መስመርና ዲስክ ግን የጋራ። ባለ ብዙ ቤት ግቢ፣ ቧንቧው አንድ!

ባክአፑ ትልልቅ ፋይል ሲያነብ የዳታቤዙን መረጃ ከካሽ ያስወጣል። ዳታቤዙ ራም ሲጠብቅ የሊኑክሱ "ቶፕ" (top) ትዕዛዝ ግን ሲፒዩው ሥራ የበዛበት አስመስሎ ያሳያል።

ምን ይደረግ?

✅ መጀመሪያ በ"ፐርፍ" (perf) የካሽ ሚስ ይለኩ።
✅ ባክአፑን በሲግሩፕ (cgroup) ይገድቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ።
✅ በሲግሩፕ የሚሰጥ የሲፒዩ ኮታ ግን ካሽን አይከፋፍልም። ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ ካሹን ራሱን በ"ሪስክትሪል" (resctrl) ይመድቡ።
✅ ከሁሉ የሚረክሰው፦ ባክአፑን ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ማስኬድ።

ተጨማሪ ሰርቨር ግዢ ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ይሞክሩ።