2,147,483,647 እና የ2030 ጥምቀት

ሁለት ቢሊዮን 147 ሚሊዮን 483 ሺህ 647፡፡ ፕሮግራም በመጻፍ ለምንተዳደር ሰዎች ይህ ቁጥር የቆየ ወዳጅም የቆየ ባላንጣም ነው፡፡ ዛሬ ስለ እሱ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ነገሩ ከሙያ ጓደኞቼ አልፎ ሁላችንንም ስለሚነካ ነው፡፡

በመጀመሪያ ትውልዱን እንይ፡፡ 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ ይህን ቁጥር እናገኛለን፡፡ በዚህ መንገድ የሚገኙ ቁጥሮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ መነኩሴ ማረን ሜርሰን ስም ይጠራሉ፡፡ ቁጥራችን ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥርም ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፡፡ ይህ ለዘመዶቹ ሁሉ የተሰጠ ጸጋ አይደለም፡፡ 11 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ የምናገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው፡፡

ብቸኛነቱን ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ሲሆን፣ በ1772 እ.ኤ.አ. የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ በተራው መንገድ ቢሄድ እስከ 46,340 ያሉትን አካፋዮች መፈተሽ ነበረበት፡፡ ነገር ግን ቁጥሩ ብቸኛ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆኑ ግድ ነው፡፡ በዚህ ዘዴ ሥራው ከ400 ባነሱ ሙከራዎች ያልቃል፡፡

ታዲያ ይህ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ሙሉ ቁጥርን የሚያስቀምጡት በ32 ቢት ነው፡፡ አንዱ ቢት ለምልክት ሲውል ለቁጥሩ 31 ይቀራል፤ ጣሪያውም ይኸው ቁጥር ይሆናል፡፡ አንድ ሲጨመርበት ብዙውን ጊዜ ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጣል፡፡ ሒሳብ በሳንቲም ቢመዘገብ ጣሪያው 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው፤ ለዛሬ ድርጅት ብዙ ገንዘብ አይደለም፡፡ በ2014 እ.ኤ.አ. «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘው ዘፈን ወደዚህ ጣሪያ በመድረሱ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳድጓል፡፡

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው፡፡ ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚያውቁት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው፡፡ በ32 ቢት የሚቆጥሩት ጣሪያው ላይ የሚደርሱት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፤ የጥምቀት ዕለት ማለት ነው፡፡ በቀጣዩ ሰከንድ ያልተስተካከለ ሲስተም ራሱን ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም.፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያገኘዋል፡፡

«ገና ሩቅ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል፡፡ የሃያ ዓመት የቤት ብድር የሚያሰላ ሶፍትዌር ግን ያንን ቀን ዛሬውኑ መሻገር አለበት፡፡ ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ ሲስተም ሲገዛ «ጊዜን የሚቆጥረው በስንት ቢት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ሻጩ መልስ ከሌለው ፊርማውን አዘግዩት፡፡